ጠመንጃው በማይተኮስበት ሰዓት

ስለ ጠመንጃ ጥንቃቄ ሲወራ ሁሉም ሰው ቶሎ ወደ ተኩሱ ይሄዳል። አቋቋም፣ አያያዝ፣ ቃታ አሳሳብ። ይህ ሁሉ ያስፈልጋል። እኔ ግን በበራሪ ሸክላ፣ ማለትም በማሽን ወደ አየር በሚወነጨፍ ዒላማ፣ መተኮሻ ሜዳ ላይ ለጀማሪዎች ረዳት ሆኜ መቆም ከጀመርኩ ወዲህ ዓይኔ የሚያርፈው ሌላ ቦታ ነው። ሰው ተራው ደርሶ ሸክላውን ሲጠብቅ ብዙም አያስጨንቀኝም። ያኔ ሐሳቡ ሁሉ ጠመንጃው ላይ ነው። አፈሙዙ ወደ ሜዳው ዞሯል፣ ጆሮው ተሸፍኗል፣ አጠገቡ አሰልጣኝ አለ። የሚያስጨንቀኝ ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ከመኪና ሲያወርደው። ተራ ሲጠብቅ። ለጓደኛው "እስቲ ያዘው፣ ክብደቱን እየው" ብሎ ሲያቀብል። ቤት ገብቶ ሲወለውለው።

አንድ ዙር 25 ሸክላ ነው። ቃታ የሚሳብበትን ቅጽበት ብቻ ብትደምሩት አንድ ደቂቃ አይሞላም። የቀረው ሁሉ መያዝ፣ መሸከም፣ ማቀበል፣ ማስቀመጥ ነው። ሾትጋን፣ ማለትም ብዙ ትንንሽ እንክብል በአንዴ የሚተኩሰውን ጠመንጃ፣ የገዛ ሰው በአብዛኛው የገዛው ይህንን ነው።

ሜዳ ላይ በብዛት የሚነገረኝ ነገር "አታስቢ፣ ባዶ ነው" የሚል ነው። አፈሙዝ ወደ እኔ ሲዞር ገለል ስል ያዩኛል፤ ሊያረጋጉኝ ብለው ነው። ክፋት የለበትም። እኔን የሚያረጋጋኝ ግን ከፍቶ ማሳየት ብቻ ነው። "ቅድም አውጥቼዋለሁ" የሚለው መልስ ስለ ቅድሙ ይናገራል። አሁን ማጉረሻው ውስጥ፣ ጥይት በሚገባበት የቱቦው ኋላ፣ ምን እንዳለ አይነግረኝም።

እኔን ያስተማሩኝ ሰው፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አሰልጣኝ፣ አንድ የማይለቁት ልማድ ነበራቸው። ጠመንጃ ሲቀበሉ ከፍተው ያያሉ። ሲያቀብሉ ከፍተው ያሳያሉ። መደርደሪያው ላይ አስቀምጠው፣ ውሃ ጠጥተው ተመልሰው ሲያነሱትም ከፍተው ያያሉ። ማንም ሳይነካው እንኳ። አንድ ቀን "ጋሼ፣ አሁን እኮ አይተውታል" አልኳቸው። "አዎ ልጄ፣ አሁን ደግሞ ላየው ነው" አሉኝ። ሌላ ምንም አልጨመሩም።

እኔም እንደዚያው ሆኜ ቀረሁ። አንዳንድ ሰው ይከፋዋል። "አላመንሽኝም ወይ?" ይላል። ይህ ከማመንና ካለማመን ጋር አይገናኝም። ባለቤቴ ሲያቀብለኝም ከፍቼ አያለሁ፤ እሱም ከእጄ ሲቀበል ያያል። አንቀያየምም።

የጠመንጃው ዓይነት እዚህ ላይ ብዙ ይለውጣል። ሁለት ቱቦ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ ከመሀል ታጥፎ የሚከፈት አለ። ለጀማሪ የምመክረው እሱን ነው። ሲታጠፍ ሁለቱም ማጉረሻዎች ወለል ብለው ይታያሉ። ራቅ ብዬ ቆሜ እንኳ መከፈቱን አውቃለሁ። ታጥፎ የተከፈተ ጠመንጃ ደግሞ ሊተኩስ አይችልም። ለዚህ ነው ደህና ሜዳ ላይ ሰው ከመተኮሻ ቦታው ሲወጣ ጠመንጃውን ከፍቶ ክንዱ ላይ አድርጎ የሚሄደው።

በእጅ እየተሳበ የሚያጎርሰው ፓምፕና ከተኩስ በኋላ ራሱ የሚያጎርሰው ከፊል አውቶማቲክ ግን ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ከቱቦው ሥር ጥይት የሚደረደርበት ካዝና አላቸው። ከውጭ ሲታይ በውስጡ ስንት እንዳለ አይታወቅም። ማጉረሻው ውስጥ ያለችውን አስወጥቶ "በቃ፣ ባዶ ነው" የሚል ሰው ያጋጥመኛል። ካዝናው ውስጥ አንዲት ከቀረች ግን መዝጊያው ሲመለስ እሷን ሊያጎርሳት ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ካዝናው ይራገፋል። ከዚያ ማጉረሻው። ከዚያ በዓይን ይታያል። ከዚያ ጣት ገብቶ ይዳብሳል። ጣት የምለው በምክንያት ነው። ሲመሽና ሲደክም ዓይን ማየት የፈለገውን ያያል። ጣት እንደዚያ አያታልልም። በመጨረሻም መዝጊያው ክፍት ሆኖ ደማቅ ቀለም ያላት ትንሽ የፕላስቲክ ባንዲራ ማጉረሻው ውስጥ ትሰካለች። ያኔ ሁሉም ሰው ከሩቅ ያያል።

ሴፍቲ ላይ፣ ጠመንጃው እንዳይተኩስ በሚይዘው ማገጃ ላይ፣ የሚመካ ሰውም አለ። በብዙ ሾትጋኖች ላይ ሴፍቲው የሚይዘው ቃታውን ብቻ ነው። ውስጥ ያለው መዶሻ እንደተወጠረ ነው። ጠመንጃው ከወደቀ፣ ወይም የውስጥ ዕቃው ካለቀ፣ ሴፍቲው ላያድን ይችላል። አጥር ሲታለፍ፣ ቦይ ሲዘለል፣ ዳገት ሲወጣ ጥይት ይወጣል። ውሻ ይዞ የሚያድን ሰው ደግሞ ጠመንጃውን መሬት ላይ አስቀምጦ ከመዞሩ በፊት ያራግፈው። ውሻ ረግጦት የተኮሰ ጠመንጃ ሰው ያቆሰለበት ጊዜ አለ።

አሁን ከሁሉም በላይ የምፈራውን ልንገራችሁ። ጀማሪው ቃታውን ይስባል። ጠመንጃው "ቀጭ" ይላል፣ አይተኩስም። ልጁ ምን ያደርጋል? ይዞራል። ጉንጩን ከሰደፉ ያነሳና፣ ጠመንጃውን እንደያዘ፣ ጣቱ ቃታው ላይ እንዳለ፣ "እንዴ፣ እምቢ አለ እኮ!" እያለ ወደ እኛ ይዞራል። ሰው ግራ ሲገባው ፊቱን ወደ ሰው ማዞሩ ተፈጥሮ ነው። እጁ ላይ ያለው ግን አብሮት ይዞራል። ከኋላ የተደረደርነውን ሁሉ ጠርጎ ያልፋል።

ስለዚህ የመጀመሪያዋን ጥይት ከመስጠቴ በፊት የማለማምደው ይህንን ነው። በልምምድ ጥይት፣ ባሩድ በሌላት። "ቃታ ሳብ። አልተኮሰም። አሁን ምን ታደርጋለህ?" መልሱ ምንም ነው። አፈሙዙ ወደ ሜዳው እንዳለ ይቆያል። ጣት ከቃታ ይወጣል። በአፍ ይነገራል። 30 ሰከንድ ያህል ይጠበቃል፤ ባሩዱ ዘግይቶ ሊቀጣጠል ይችላልና። ጠመንጃው የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሲከፈትም ፊት ገለል ይላል። ይህንን ደጋግመን እንሠራዋለን። አሰልቺ ነው። ልጆቹ "እሺ ገባኝ" ይሉኛል። እኔ ደግሞ አካላቸው እስኪለምደው ድረስ እደግመዋለሁ፤ ግራ ሲገባው የሚዞረው አካል ነውና።

ሁለት ቱቦ ያለው ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። አንድ ቃታ ካላቸው ብዙዎቹ ወደ ሁለተኛው ቱቦ የሚሸጋገሩት የመጀመሪያው ተኩስ ጠመንጃውን ወደ ኋላ በሚገፋበት ምት ነው። የመጀመሪያዋ ካልተኮሰች ምት የለም፣ ሽግግርም የለም። ሰውየው ቃታውን ደግሞ ቢስበው ዝም ነው። ያኔ ጠመንጃው በሙሉ የሞተ ይመስለዋል። ሁለተኛዋ ጥይት ግን ምንም ሳትሆን ውስጥ ተቀምጣለች። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያ ቀን ለማንም ሰው ሁለት ጥይት አልሰጥም። አንድ ብቻ። ተኩሶ፣ ከፍቶ፣ ቀለሁን አውጥቶ፣ ሲያሳየኝ ሌላ እሰጠዋለሁ።

ድምፅዋ የከሳች ጥይትም አለች። "ፑፍ" ትላለች፤ ትከሻ ላይ ምቷ አይሰማም። ባሩዷ በደንብ አልነደደ ይሆናል። እርሳሱን ገፍቶ የሚያወጣው ፕላስቲክ ቱቦው ውስጥ ቀርቶ ይሆናል። በላዩ ላይ ሌላ ከተተኮሰ ቱቦው ሊፈነዳ ይችላል። ቱቦውን የሚደግፈው እጅ ደግሞ እዚያው አጠገብ ነው። ስለዚህ ድምፅ ከተቀየረ ይቆማል። ጥይቱ በሙሉ ይወጣል። ከማጉረሻው በኩል በቱቦው ውስጥ ብርሃን መታየት አለበት። ይህን ሳዝ "ሸክላዬ አመለጠኝ" ብሎ የሚናደድብኝ ሰው አለ። ሸክላ ማለት 110 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት፣ ከቅጥራንና ከኖራ ድንጋይ ዱቄት የተሠራች ሳህን ናት። ሌላ ትወነጨፍለታለች።

ጭቃ፣ ሣር፣ በረዶ፣ ሲወለወል ውስጥ የተረሳ ጨርቅ፣ ሁሉም ያው ነው። ከመጀመሪያው ተኩስ በፊት ቱቦውን በብርሃን ማየት ጥቂት ሰከንድ ነው የሚፈጀው።

ጥይት መቀላቀል ደግሞ ራሱን የቻለ አደጋ ነው። የሾትጋን ስፋት በጌጅ ይለካል። ከአንድ ፓውንድ፣ ማለትም ከ454 ግራም እርሳስ፣ ለቱቦው ልክ የሆኑ ስንት ኳሶች ይወጣሉ ማለት ነው። 12 ከወጡ ጠመንጃው 12 ጌጅ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ሲጨምር ቱቦው ይጠባል። 12 ጌጅ 18.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ 20 ጌጅ 15.6። አደጋ የምታመጣው ይህች ትንሽ ልዩነት ናት። የ20 ጌጅ ጥይት 12 ጌጅ ጠመንጃ ውስጥ ብትገባ ማጉረሻው ላይ አትቆምም። ተንሸራታ ወደ ፊት ትሄድና ቱቦው በሚጠብበት ቦታ ትቀረቀራለች። ከኋላ ለሚያየው ማጉረሻው ባዶ ይመስላል። ሰውየው "ለካ አላጎረስኩም" ብሎ ትክክለኛዋን ያጎርሳል። ይተኩሳል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን መግለጽ አልፈልግም።

አምራቾች ቢጫ ቀለምን ለ20 ጌጅ የለዩት ለዚህ ነው። ቀለም ብቻውን ግን አይበቃም። ባለቤቴ የሚተኩሰው 20 ጌጅ ነው፣ እኔ 12። ጥይታችን በአንድ ቦርሳ ገብቶ አያውቅም። እሱ የእኔን ሰደርያ አይለብስም፣ እኔም የእሱን። ከሜዳ ስንመለስ ኪሳችንን ገልብጠን እናራግፋለን። 20 ጌጅ ጠመንጃ ለሚተኩስም ያው ጉዳይ አለበት፤ 28 ጌጅ ጥይት እንደዚያው ያልፍበታል።

ርዝመትም አለ። 70 ሚሊ ሜትር ማጉረሻ ውስጥ 76 ሚሊ ሜትር ጥይት ሊገባ ይችላል። ጠመንጃውም ይዘጋል። ምክንያቱም ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ርዝመት ጥይቷ ተተኩሳ የታጠፈ አፏ ከተከፈተ በኋላ ያላት ርዝመት ነው። ስትተኮስ አፏ የሚዘረጋበት ቦታ ያጣል፣ ግፊቱ ከልኩ በላይ ይወጣል። "ከገባማ ልክ ነው" የሚለው አስተሳሰብ እዚህ አይሠራም። ልኩ ቱቦው ላይ ተቀርጿል። ሰው ጠመንጃ ሲገዛ መጀመሪያ እሱን ያንብብ።

ስለ መግዛት ካነሳሁ፣ አሮጌ ጠመንጃ ላይ ትንሽ ልቆይ። ይማርካሉ። እንጨታቸው፣ ቅርጻቸው፣ የእጅ ሥራቸው። ብረት ከብረት ጋር ተጠምዝዞ የተሠራ ዳማስከስ የሚባል ቱቦ ያላቸውን ሳይ እኔም እፈዛለሁ ብል ውሸት አይሆንም፤ ያንን መስመር መስመር የያዘ ብረት አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን ብዙዎቹ የተሠሩት ለጥቁር ባሩድ፣ ለድሮው ባሩድ፣ ነው። ማጉረሻቸው 65 ሚሊ ሜትር የሆነም አለ። ባለሙያ ሳያያቸው በዘመኑ ጥይት መተኮስ አይገባም። ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ይኑሩ፣ እሱም ባዶ መሆናቸው ታይቶ።

ያገለገለ ጠመንጃ ሳይ ቱቦውን ወደ ብርሃን አነሳለሁ። ውስጡ ላይ እንደ ጥላ የሚታይ ቀለበት ካለ ቱቦው አንድ ጊዜ አብጧል ማለት ነው። ከውጭ በጣቴ እየዳበስኩ የጎደጎደ ቦታ እፈልጋለሁ። እዘጋውና ቱቦው ይነቃነቅ እንደሆነ አያለሁ። የፍተሻ ማህተሙን እፈልጋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1914 የተመሠረተው ሲአይፒ የሚባለው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን አባል አገሮች እያንዳንዱን ጠመንጃ ከመሸጡ በፊት ከተለመደው የበለጠ ግፊት ባላት ጥይት ይፈትኑታል፤ ያለፈው ላይ ማህተም ይመታበታል። ማህተሙ ያኔ የነበረውን ጤንነት ነው የሚመሰክረው። ከዚያ ወዲህ ቱቦውን የፋቀው ወይም ማጉረሻውን ያስረዘመ ሰው ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ከመክፈሌ በፊት ለመሣሪያ ባለሙያ አሳያለሁ። ሻጩ "ምን አስፈለገ?" ካለኝ እተወዋለሁ።

ሴቶች ሲመጡ ብዙ ጊዜ ቀላሉን ጠመንጃ አንስተው ይሰጧቸዋል። በደግነት ነው። ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው። በአንድ ዓይነት ጥይት ቀላል ጠመንጃ ከከባዱ የበለጠ ትከሻን ይመታል። የተመታች ጀማሪ ቀጥሎ ቃታ ስትስብ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ አንገቷን ታነሳለች፣ ወደ ኋላ ትላለች። እዚያ ላይ ጥንቃቄ ይጠፋል። የሚሻለው ሰደፉ ለክንዷ ልክ የሆነ፣ ደህና ክብደት ያለው ጠመንጃ ከቀላል ጥይት ጋር ነው። ኦሊምፒክ ላይ የሚፈቀደው እንኳ ከ24.5 ግራም እርሳስ አይበልጥም። ይህ የጉልበት ስፖርት ነው ለሚሉኝ ደግሞ ቻይናዊቷን ዣንግ ሻንን አነሳባቸዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና ኦሊምፒክ ስኪት በሚባለው የበራሪ ሸክላ ውድድር ላይ ከወንዶች ጋር በአንድ ውድድር ቆማ ወርቁን ወሰደች።

ስለ ጠመንጃ ጥንቃቄ አራት ሕጎች በየሜዳው ተለጥፈው ታያላችሁ። እንዲህ አጠር አድርጎ ያስተማራቸው ጄፍ ኩፐር የተባለ አሜሪካዊ ነው። ጠመንጃ ሁሉ እንደጎረሰ ይቆጠር። ልታጠፋው የማትፈልገው ነገር ላይ አፈሙዝ አይዙር። ዒላማህ ላይ እስክትሆን ጣትህ ከቃታ ይራቅ። ዒላማህንና ከኋላው ያለውን እወቅ። አራቱንም እወዳቸዋለሁ። ሾትጋን ያዦች ግን አራተኛውን ይንቁታል። "ይበተናል፣ ሩቅ አይሄድም" ይላሉ።

እንቁጠረው። በ24 ግራም ጥይት ውስጥ 2.4 ሚሊ ሜትር የሆኑ የእርሳስ እንክብሎች ወደ 300 ገደማ አሉ። አዳኞች የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ፦ የእንክብሉን ስፋት በሚሊ ሜትር ወስዳችሁ በ100 አባዙት፤ በሜትር የአደጋ ክልሉን ይሰጣችኋል። 2.4 ሚሊ ሜትር ወደ 240 ሜትር ይሆናል። 4 ሚሊ ሜትር 400። አንድ ወጥ እርሳስ የሚተኩሰው ስለግ የሚባለው ደግሞ ከዚያ እጅግ ይርቃል። ከሸክላው ኋላ ያለው ባዶ መስክ ለዚህ ነው የተተወው። ለመኪና ማቆሚያ ጥሩ ቦታ ይመስላል፤ አይደለም።

በቅርብ ርቀት ደግሞ መበተን የሚባል ነገር የለም። እርሳሱ ከአፈሙዙ ሲወጣ አንድ ላይ ነው። ቱቦው ጫፍ ላይ ጠበብ የሚያደርገው ቾክ የውሃ ጎማ ጫፍን በጣት እንደመጭመቅ ነው፤ እርሳሱ ተሰብስቦ ረጅም እንዲሄድ ይረዳዋል። ፉል የሚባለው ጠባቡ ቾክ በ36 ሜትር ላይ እንኳ ከእንክብሎቹ 70 በመቶ ያህሉን 76 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ ያሳርፋል። በክፍል ውስጥ፣ በመኪና ውስጥ፣ በጠረጴዛ ማዶ፣ "ትንንሽ ፍሬ ናት" የሚባለው ጥይት በሰውነት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከባድ ነው። ጠመንጃ ሲወለወል ጥይት በዚያ ክፍል ውስጥ ባይኖር የምለው ለዚህ ነው።

በነገራችን ላይ ሸክላ የሚያስወነጭፈው ማሽንም መሣሪያ ነው። ክንዱ በስፕሪንግ ተወጥሮ ነው የሚቆመው። ከፊቱ ማንም መቆም የለበትም። ሸክላ ለመሙላት የሚገባ ሰው መጀመሪያ ክንዱን ያላላ፣ ኃይሉን ያቋርጥ።

ጆሮና ዓይን ላይ ብዙ አልልም፤ ግልጽ ነው። አንድ ቅጽበታዊ ድምፅ ከ140 ዴሲቤል ካለፈ ጆሮን ሊጎዳ ይችላል፣ ሾትጋን ደግሞ ያልፈዋል። የጠፋ መስማት አይመለስም። ተመልካችም መሸፈን አለበት፤ ሕፃን ይዞ የሚመጣ ሰው ይህን ይረሳል። መነጽሩ የማይሰበር ፕላስቲክ ይሁን፣ የሸክላ ስባሪ ተመልሶ ፊት ላይ ይመጣልና። እርሳስ ደግሞ መርዝ ነው። ከተኩስ በኋላ እጅ ሳይታጠብ ምግብ አይነካም። ያንን ልብስ ለብሶ ሕፃን ማቀፍም አይገባም። ለልጆች "ይህን ያህል አይጎዳም" የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ለውሃ ወፍ አደን እርሳስን ከልክላለች። የአውሮፓ ኅብረትም ከ2023 ጀምሮ በረግረግ አካባቢዎች ከልክሏል። በምትኩ የሚመጣው የብረት እንክብል ጠንካራ ነው፤ ለአሮጌ ቱቦና ለጠባብ ቾክ አይሆንም፣ ጠጣር ነገር ላይም ይነጥራል።

መጠጥ ስለቀመሰ ሰው አልከራከርም። ቢራ የቀመሰ ሰው የዚያን ቀን ተመልካች ነው።

ወደ ቤት እንምጣ። ጠመንጃ ዕድሜውን በሙሉ የሚያሳልፈው እዚያ ነው። የእኔ የሚቀመጠው ግድግዳ ላይ በብሎን የታሰረ የብረት ቁምሳጥን ውስጥ ነው። ጥይቱ ሌላ ክፍል፣ ሌላ ቁልፍ። ቁልፎቹ አንድ ላይ አይንጠለጠሉም። ልጆች ቤት ውስጥ ያለ ቁልፍ ሁሉ የት እንደሚቀመጥ ያውቃሉ፤ ስለዚህ መደበቅ ላይ አልተማመንም። ቁልፍ የሚይዘው ባለፈቃዱ ብቻ ነው። የቁጥር መቆለፊያ ያለው ሰው ቁጥሩን የልደት ቀን አያድርገው።

ልጆቻችንን አስተምረናል። ጠመንጃ ካየህ አትንካ፣ ከክፍሉ ውጣ፣ ለትልቅ ሰው ተናገር። ሰው ቤት ሲሄዱም ይህንኑ እንዲያደርጉ። ልጄ ጓደኛው ቤት ሊያድር ሲሄድ እናትየዋን "ቤት ውስጥ ጠመንጃ አለ? ተቆልፏል?" ብዬ እጠይቃለሁ። መጀመሪያ ሳወራ አፌ ይያዝ ነበር። አሁን እንደማንኛውም ጥያቄ ነው የምጠይቀው። የእኔን ቤት ለሚጠይቀኝም ሳይከፋኝ እመልሳለሁ። ማስተማሩ ግን የመቆለፊያን ቦታ አይተካም። ጥሩ የተማረ ልጅም ከጓደኛው ጋር ሲሆን ሌላ ልጅ ነው።

ተኳሾች እርስ በርስ ለማውራት የሚከብደን አንድ ነገር አለ። ጠመንጃ ያለበት ቤት ውስጥ ሰው ከባድ ሐዘን ወይም ተስፋ መቁረጥ ሲገጥመው። ራስን የማጥፋት ሐሳብ የሚበረታበት ሰዓት ብዙ ጊዜ አጭር ነው። ያ ሰዓት ሲያልፍ አብዛኛው ሰው ይተርፋል፣ መኖርም ይቀጥላል። በዚያ ሰዓት ጠመንጃ በቅርብ መኖሩ ግን የመትረፍን ዕድል ይቀንሳል። ከሜዳው ጓደኞቻችን አንዱ ትዳሩ በፈረሰ ሰሞን ራሱ ደውሎ "ለጊዜው እኔ ጋ ባይሆን ይሻላል" አለን። ማንም አልጠየቀውም። ሕጉ በሚፈቅደው መንገድ ሜዳው ባለው የተቆለፈ ማስቀመጫ ገባለት። ሲረጋጋ ተመልሶ ወሰደው። አሁንም አብሮን ይተኩሳል። ሰው እንዲህ ሲያደርግ ማሞገስ አለብን። ራሱ ካልደወለ ደግሞ እኛ እንደውል። "እንዴት ነህ? ጠመንጃውን ትንሽ ጊዜ እናስቀምጥልህ?" ማለት ጓደኝነት ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ ደግሞ ባለቤቱ ሲሞት ነው። ከእኛ መካከል አንድ አዛውንት ሲያርፉ ቤተሰባቸው ቁምሳጥኑን ከፍቶ ሦስት ጠመንጃ አገኘ። አንዳቸውም እንዴት እንደሚከፈት አያውቁም። አንዱ ጎርሶ ይሁን ባዶ ይሁን የሚያውቅ የለም። ማን ጋ እንደሚሄዱም፣ ሕጉ ምን እንደሚልም አያውቁም። አንዲት ልጃቸው በሁለት ጣቷ አንስታ በጨርቅ ጠቅልላ መኪና ውስጥ ልታስገባው ስትል ነው አንድ ሰው ደርሶ ያስቆማት።

ከዚያ በኋላ እኔ አንድ ገጽ ወረቀት ጻፍኩ። ምን ምን ጠመንጃ እንዳለኝ፣ ቁጥራቸው፣ ፈቃዱ የት እንዳለ ሰፍሮበታል። "አትንኩት፣ አታንቀሳቅሱት፣ መጀመሪያ ለፖሊስ ወይም ፈቃድ ላለው ነጋዴ ደውሉ" ይላል። የሚያግዟቸው የሁለት ሰዎች ስልክም አለበት። የቁልፉ ቦታ ወረቀቱ ላይ የለም፤ እሱን ፈቃድ ያለው ባለቤቴ ብቻ ነው የሚያውቀው። እህቴ አንድ ቅጂ አላት። ፈቃዴን ባሳደስኩ ቁጥር ወረቀቱንም አውጥቼ የተለወጠ ነገር ካለ አስተካክላለሁ።